ባምባው ላይ የቀረ ገመድ

ባሕር ዳር ላይ፣ ጀልባችንን ከምናሳድርበት ቦታ አጠገብ፣ አንድ ወጣት የባምባ ዛፍ አለ። ግንዱን በጉልበት ከፍታ የሚዞር ጠባሳ አለው። ትንሿ ጣቴ ትገባበታለች። ከጠባሳው በላይ ያለው ግንድ አብጧል፤ ከበታቹ ያለው ቀጭን ነው። ቀበቶውን ያለ ልክ ያጠበቀ ሰው ይመስላል። ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ከብት ታስሮበት ነው" እል ነበር። ውሸቴን ነው። ያሰርነው እኛ ነን። ያሰርነውም ጀልባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ጓደኛሞች የእቁብና የብድር ገንዘብ አጠራቅመን አንድ ያገለገለ የፋይበር ጀልባ ገዛን። 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበረው። ቅዳሜና እሁድ እንግዳ ይዘን ወደ ደብረ ማርያምና ወደ ዘጌ ልናመላልስ ነበር ሐሳባችን። ሦስታችንም ያደግነው ሐይቁ ዳር ነው። ዋና እንችላለን። ዓሣ መጥበስ እንችላለን። ስለዚህ ጀልባም የምናውቅ መሰለን። ሞተር ማስነሣት ተለማመድን። ማዞር ተለማመድን። የሕይወት አድን ጃኬት ገዛን። ማሰር ግን ማን ይለማመዳል? ገመድ አይደል እንዴ!

ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ጣና ጢም ብሎ ይሞላል፤ ዳሩም ገና ውሃ ጠጥቶ ለስላሳ ነው። ጀልባዋን አፍንጫዋን ወደ መሬት አድርገን፣ በአንድ የናይለን ገመድ፣ አጠር አድርገን ከዚያች ባምባ ጋር አሰርናት። ቋጠሮው የጫማ ማሰሪያ ይሁን የበግ ማሰሪያ ዛሬም አላውቅም። ብቻ ጠበቅ አድርገን ሄድን። ማታ ላይ ድራፍት ቤት ቁጭ ብለን የጀልባ ባለቤት መሆናችንን አከበርን።

ጣናን የሚያውቅ ሰው የቀኑን ጠባይ ያውቃል። ጠዋት እንደ መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ከሐይቁ ይነሣና ወደ እኛ፣ ወደ ደቡቡ ዳር ይነፍሳል። መሬቱ በፀሐይ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በእርሱ ቦታ ከሐይቁ ቀዝቃዛው ይመጣል። ይህን ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ፈተናም ላይ መልሰነዋል። ነፋሱ ጀልባችንንም እንደሚነካ ግን ያሰበ አልነበረም።

በማግስቱ ሥራ ነበረንና ዝር አላልንም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንመጣ ጀልባዋ ዞራ፣ ጎኗን ለዳሩ ሰጥታ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልታ አገኘናት። ሞተሯ ጭቃ ነክሷል። ዳሩ ላይ ደግሞ የበር ያህል መሬት ከነሣሩ ተገንጥሎ ውሃ ውስጥ ወድቋል። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነበር። ጀልባዋ ሁለት ቀን ሙሉ እየሄደች እየመጣች፣ በጎኗ እየደቃች ነው የናደችው።

ገመዱን ልንፈታ ብንል ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በጥርስም በምስማርም ሞከርን። በመጨረሻ አንዱ ጓደኛችን ቢላ አምጥቶ ቆረጠው። ዛፏ ላይ የቀረውን ቀለበት ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ይህን ሁሉ ቆመው የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በሐይቁ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "አያ" ይላቸዋል፤ እኛም እንደዚያው። አልሳቁብንም። ጠጋ ብለው የወደቀውን መሬት በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉና "ጀልባ እንደ በቅሎ አይታሰርም" አሉን።

በቅሎ በአንድ ገመድ ታስራ ብትዞር ሣሩን ትግጣለች እንጂ ምን ታመጣለች? ጀልባ ስትዞር ግን ዳሩን ትግጣለች። በአንድ ገመድ የታሰረ ጀልባ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይወዛወዛል፤ በተወዛወዘ ቁጥር መሬቱን ይመታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ፣ እኛ አንበሳውን በአንድ ድር አስረን ድራፍት ልንጠጣ ሄድን።

"ድንኳን ተክላችሁ ታውቃላችሁ?" አሉን አያ። ታዲያስ! ባሕር ዳር ውስጥ ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን ያልተከለ ወንድ የት ይገኛል? "ገመዱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ነው የምትስቡት?" አይደለም። ወደ ውጭ ነው፤ ሰያፍ። "ካስማውንስ ወዴት አዘንብላችሁ ነው የምትመቱት?" ከድንኳኑ ወደ ውጭ። "እህሳ!" አሉ፣ በቃ ትምህርቱ ያለቀ ይመስል።

እውነትም አብዛኛው እዚያ ላይ አልቋል። ጀልባዋ ጎኗን ለዳሩ ሰጥታ ትቆማለች። ከአፍንጫዋ የሚወጣው ገመድ ወደ ፊት፣ ከኋላዋ የሚወጣው ወደ ኋላ፣ ሁለቱም ሰያፍ ሆነው ይታሰራሉ። ያን ጊዜ ወደ ፊት ልሂድ ስትል አንዱ ይይዛታል፤ ወደ ኋላ ስትል ሌላው። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት አይወጠርም። ትንሽ ይላላል፤ ያለዚያ ማዕበል ባነሣት ቁጥር ካስማውን እየነቀለች ትሄዳለች። በጣም ከላላ ደግሞ እየተንደረደረች ትመጣና ትላተማለች። ልኩን እጅ ነው የሚያውቀው። የእኔ እጅ ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል።

ካስማው ራሱን የቻለ ነገር ነው። እኛ አንድ ሜትር የሚሆን ፌሮ እንጠቀማለን። ጫፉ ይሾላል፤ አናቱ ገመዱ እንዳይወጣ ይታጠፋል። የሚመታው አናቱ ከጀልባዋ ወደ ውጭ አዘንብሎ ነው። ጀልባዋ ስትስበው ይበልጥ መሬቱን ይነክሳል። ወደ ጀልባዋ ካዘነበለ ግን ገመዱ ሽቅብ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ወይም ካስማው ራሱ እንደ ካሮት ይነቀላል።

አያ ግን ካስማውን ከመምታታቸው በፊት ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዳሩ ላይ በሆዳቸው ተኙ። በዚያ ዕድሜያቸው! እጃቸውን ወደ ታች ሰደው ከሣሩ ሥር ዳበሱ። ከዚያ እኔንም አስተኙኝና እጄን ያዙ። ክንዴ እስከ ክርኔ ድረስ ገባ። የረገጥነው ሣር ከሥሩ ባዶ ነበር። ውሃው ቀስ እያለ አፈሩን በልቶ፣ የሣሩ ሥር ብቻ እንደ ምንጣፍ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ካስማ መምታት ምንጣፍ ላይ መርፌ እንደ መሰካት ነው። አንድ ሞገድ ሲጎትተው ካስማውም ምንጣፉም አብረው ይሄዳሉ። "ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ" አሉ አያ ሲነሡ፣ ጋቢያቸውን እያራገፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት አይበቃኝም፤ ሦስት እርምጃ ነው የምሸሸው።

ካስማው አናት ላይ ባዶ ሃይላንድ እናስራለን። ለውበት አይደለም። ማታ ማታ በዳሩ የሚንሸራሸር ሰው ይበዛል፤ ፌሮ ደግሞ በጨለማ አይታይም።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ዘዴ አሳዩን፤ ለእኛ ዳር ከሁሉም የሚሻለው እሱ ሆኖ አገኘሁት። ነፋሱ ከሐይቁ የሚመጣ ከሆነ ጀልባዋን ወደ መሬት የሚገፋው እርሱ ነው። ስለዚህ ወደ መሬት ስትጠጉ፣ ገና ጥቂት ሜትር ሲቀራችሁ ከኋላ መልህቅ ትጥላላችሁ። ገመዱን እየለቀቃችሁ ትመጡና ከፊት አንዱን መሬት ላይ ታስራላችሁ። ከዚያ የመልህቁን ገመድ መልሳችሁ ትስባላችሁ። ጀልባዋ በሁለቱ መካከል፣ ዳሩን ሳትነካ ቆማ ታድራለች። የእኛ ዳር ወለል ጭቃ ስለሆነ መልህቅ ይይዛል። ተሳፋሪ መውረድ ሲፈልግ የፊቱን ገመድ ሳብ ማድረግ ነው።

ገመዱ መሀል ላይ ደግሞ የባጃጅ ከመነዳሪ ቆርጠን አስገብተናል። ሞገድ ሲመጣ እሱ ይለጠጣል፤ ካስማው አይደነግጥም። ይህኛው ከአያ አይደለም፤ የራሴ ነው። ትንሽ ብኮራበት አትፍረዱብኝ።

አንድ ቀን አያን "ድሮ እንዴት ነበር የምታስሩት?" አልኳቸው። "ምኑን?" አሉኝ። ታንኳውን ነዋ! ሳቁ። ታንኳ አይታሰርም፤ ይወጣል። የደንገል ታንኳ ውሃ ላይ ካደረ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ቶሎም ይበሰብሳል። ባለቤቱ እንደ ደረሰ ጎትቶ ያወጣውና እንዲንጠፈጠፍ ያቆመዋል። ዳር ላይ ቆመው የሚደርቁ ታንኳዎችን ያላየ የባሕር ዳር ልጅ የለም። እኔ ለፎቶ ያማሩ ነበሩ የሚመስለኝ። ለካ ማሰሪያ፣ ካስማ፣ ወደብ የሚባል ጣጣ የሌለው አሠራር ነበር። ታንኳው ራሱ ከዳሩ ደንገል ነው የሚሠራው። ስለዚህ የታንኳ ሰው ደንገሉን አጭዶ ይወስዳል እንጂ ሥሩን አይነቅልም፤ ቢነቅል ነገ በምን ይሠራል? ነገደ ወይጦዎች ይህን ሙያ ትውልድ ለትውልድ ሲያወርሱ ዳሩም አብሮ ኖሯል።

የእኛ ጀልባ ግን ትከብዳለች። ጎትተን አናወጣትም። ሞተሯም ደንገል አይወድም፤ ደንገሉም እሷን አይወድም። የደንገልና የፊላ ሥር አፈሩን እርስ በርስ ሰፍቶ ይይዛል፤ ግንዱ ደግሞ የማዕበሉን ጉልበት ያደክማል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም የሚራባው እዚያው ጥልቀት በሌለው ዳር፣ በተክሉ መሀል ነው። "እዚህች ጋ ትንሽ መንገድ እናውጣ" ብሎ አንዱ ጀልባ ደንገሉን በፕሮፔለር ይሰነጥቃል። በማግስቱ ሌላው ከጎኑ። ከዚያ ማዕበሉ በተከፈተው በር ይገባል። ሁሉም የየራሱን በር የሚከፍትበት ዳር እንዴት ዳር ሆኖ ይቀራል? አምስት ጀልባ በአንድ መግቢያ ቢገባ ምን ይጎድልብናል? ይህን ስል የጀልባ ሰዎች "አንተ ደግሞ ሠራተኛ ነህ፣ ጀልባው ለአንተ ትርፍ ነው" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ተሳፋሪ ጭቃ መርገጥ አይፈልግም፤ ደረቅ ቦታ ያወረደው ነው የሚመረጠው።

ዘጌ ስንሄድ ልዩነቱን በዓይኔ አያለሁ። ዘጌ በሬ አይጠመድም። ቡናው ከትልልቅ ዛፍ ሥር ነው የሚበቅለው፤ ጫካውም እስከ ውሃው ይወርዳል። ዳሩን የያዘው ሥር ነው። እኛ ከተማ ስንመለስ ደግሞ ከሥር ይልቅ ግንብ ይበዛል። አንድ ሎጅ ከእኛ ማደሪያ ጎን ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ሠርቶ ነበር። ሲታይ ያምራል። ግን ማዕበል ቀጥ ያለ ግንብ ሲመታ ጉልበቱ አይጠፋም፤ ተመልሶ ይሄዳል፤ ከግንቡ ሥርና ከጫፉ አጠገብ ያለውን አፈር ይቆፍራል። የግንቡ ጫፍ ያለው እኛ ጋ ነው። በሁለት ክረምት ውስጥ ከእኛ በኩል ሦስት እርምጃ ያህል መሬት ሄደ። ሄጄ ተናገርኩ። ሻይ ጋበዙኝ።

የስሟ ትርጉም "የባሕር ዳርቻ" የሆነ ከተማ ውስጥ ዳር ለማቆየት መለመን ትንሽ ይገርማል። ለነገሩ ጉማሬም ዳር ይንዳል። ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ማታ ለግጦሽ ሲወጡ አካሄዳቸው ይታወቃል። ነገር ግን የሚመላለሱት በለመዱት መንገድ ነው። ከጀልባ ነጂዎቻችን ይሻላሉ።

እኅቴ በርሚንግሃም ትኖራለች። ካናል የሚሉት ሰው ሠራሽ ቦይ በቤቷ አጠገብ ያልፋል። አንድ እሁድ በቪዲዮ ስንደዋወል ረጅምና ጠባብ ጀልባ ከጀርባዋ አለፈ። ወርዱ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ቀስ ከማለቱ የተነሣ ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰውዬ ቀደመው። "ተበላሽቶ ነው?" አልኳት። ሕጋቸው ነው ለካ። በእነዚያ ቦዮች ላይ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ የታሰረ ጀልባ አጠገብ ሲደርሱ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳሉ። ጀልባ ሲያልፍ ውሃውን መጀመሪያ ወደ ራሱ ይስባል፤ ከዚያ ይመልሰዋል። በዚያ መሳብና መመለስ የታሰሩት ጀልባዎች ካስማ ይነቀላል። ዳሩም ይናዳል። የብዙዎቹ ቦዮች ወለልና ጎን የተረገጠ ሸክላ አፈር ነው። እሱ ከተበሳ ቦዩ ውሃውን ያፈሳል። እዚያ ዳር መናድ ማለት ውሃው ራሱ መሄድ ማለት ነው። ሰው የሚጠነቀቀው ወዶ አይደለም።

እኛ ውሃችን በአንድ ቀዳዳ አያልቅም። ለዚህ ይሆናል የማንጠነቀቀው። ነገር ግን ማዕበል ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሰኔ ላይ ውሃው ሲሸሽ በሙሉ ጋዝ ዳር ድረስ የሚመጣ ጀልባ ምን እንደሚሠራ ቆማችሁ እዩ። ውሃው ቡና በወተት ይሆናል። እኔ አሁን ከዳሩ መቶ ሜትር ላይ ሆኜ ጋዝ እቀንሳለሁ። አንዳንድ እንግዳ "ነዳጅ አለቀብህ?" ይለኛል።

ውሃው ይሸሻል ካልኩ አይቀር፣ ይህም ከማሰር ጋር ይያያዛል። ጣና በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ፣ እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ እየጎደለ ይሄዳል። በአማካይ የአንድ ሜትር ተኩል ያህል ልዩነት አለው። ሐይቁ እጅግ ቢጠልቅ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳሩም በብዙ ቦታ ዝርግ ነው። ስለዚህ ውሃው አንድ ሜትር ሲወርድ ወደ ውስጥ ብዙ ርቀት ይሸሻል። መስከረም ላይ ያማረ ማሰሪያ ጥር ላይ ጭቃ ላይ የተቀመጠ ጀልባ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ጭቃው ላይ የቀረ ጀልባውን በሞተር ሊያወጣ ሲታገል ዳሩን እንደ ማረሻ ያርሰዋል። ካስማና መልህቅ ከውሃው ጋር መሄድ አለባቸው። እኔ በየሁለት ሳምንቱ አነሣቸዋለሁ። የድሮውን ቀዳዳ በአፈር እደፍናለሁ፤ ካልደፈኑት ዝናብ ይገባበትና ያሰፋዋል።

በዚያ ላይ ውሃውን የሚያወርደው ፀሐይ ብቻ አይደለም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ዐባይ መነሻው ላይ፣ ጨረጨራ የሚባለው ሰባት መዝጊያ ያለው ግድብ አለ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ በምዕራብ በኩል ከሐይቁ ውሃ ይወስዳል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ጎድሎ መርከቦች ቆመው ነበር። አያ ያን ዓመት ሲያነሡ "ውሃው እኛን ትቶን ሄደ" ይላሉ። የጀልባ ማሰሪያቸው ከውሃው በጣም ርቆ፣ ሰው የልብስ ማስጫ አድርጎት ነበር አሉ።

እምቦጭንም ልዝለለው ብል አልችልም። በ2004 ዓ.ም. ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በደንቢያና በፎገራ፣ ስንቱን አስለቅሷል። ገመድና መልህቅ ላይ ተጠምጥሞ የመጣ አንድ ቁራጭ ከእነ ሥሩ ሌላ ቦታ ይበቅላል። ስለዚህ ወደዚያ ሄደን ስንመለስ ገመዱን እዚያው እጅ በእጅ እየዳበስን እናጠራዋለን። የለቀምነውን መሬት ላይ፣ ከውሃው አርቀን እናደርቀዋለን። አሰልቺ ሥራ ነው። እውነቱን ለመናገር ሁልጊዜ አናደርገውም ነበር፤ አሁን ነው የለመድነው።

ወደ ባምባዋ ልመለስ።

ሁለት ዓመት አልፎ ነው ያየኋት። ጥላዋ ሥር ቁጭ ብዬ ገመድ ስጠግን እጄ ግንዱ ላይ አረፈ። የሆነ ነገር ጎረበጠኝ። ሰማያዊ ናይለን ነበር። ያ ቢላ የቆረጠው ቀለበት። ዛፏ በማደግ ላይ ነበረች፤ ናይለኑ ግን አይላላም፤ አይበሰብስም። ስለዚህ ግንዱ በላዩ ላይ አደገበት። ግማሹን ልጡ ውጦታል። ዛፍ ከቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው በልጡ ውስጥ ነው። ልጡ ዙሪያውን ከታነቀ ሥሩ ይራባል። ሥሩ የተራበ ዛፍ ደግሞ ዳሩን አይዝም። እኛ ጀልባዋን ለማዳን ዳሩን የሚይዝልንን ዛፍ ነው ያነቅነው።

አያን ጠራኋቸው። አዩት። ምንም አላሉም። ቀጭን ቢላ አምጥተው እኔ ያዝ አደረግሁ፣ እሳቸው ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ ቅርፊቱን ሳይቆርጡ የሚወጣውን አወጡ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። አንድ በኩል አልወጣ አለ። "ተዉት፣ እሱን ለምዳዋለች" አሉ። ያ ቁራጭ ዛሬም ውስጧ አለ።

ዘንድሮ ቅጠሏ ጥሩ ነው። ጫፏ ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ደርቋል፤ የቀረው ያምራል።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ አዲስ ጀልባ ይዞ መጣ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አፍንጫዋን ዳሩ ላይ ሰካና ገመዱን ይዞ በቀጥታ ወደ ባምባዋ። "ወንድሜ፣ እዚያ አትሰር" አልኩት። "አንድ ደቂቃ ነው ጋሼ፣ ሰው አውርጄ ልሄድ ነው" አለኝ። ጋሼ ሲለኝ ትንሽ አመመኝ፤ ቢሆንም ጠባሳውን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ጣቱን አስገባበት። "ከብት ነው?" አለ። "አይ፣ እኔ ነኝ" አልኩት።

ትርፍ ፌሮና መዶሻ ሰጠሁት። ሦስት እርምጃ ሸሽቶ፣ በጥሩ ጉልበት፣ መሬት ውስጥ ከተተው። ዞር ብሎ አየኝ፤ አውራ ጣቴን አነሣሁለትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሱም ተሳፋሪዎቹን አስከትሎ ዓሣ ሊያበላቸው ሄደ። ቀና ስል ካስማው ወደ ሐይቁ አዘንብሎ ነው የቆመው። ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ውሃው መሀል ላይ ነጫጭ ጫፍ መታየት ጀምሯል። መዶሻውን አንሥቼ ሄድኩ።